194,313ን በእስክሪብቶ መፍታት

ባለ ካሬ ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ያዙ። ስልኩ ትንሽ ራቅ ይበል። ማባዛትና ማካፈል ከቻላችሁ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ቤት ውስጥ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ይህ ሥራ ለሁለት ሲሆን የበለጠ ይጥማል።

የምንፈታው ቁጥር 194,313 ነው። "መፍታት" ስል ከምን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ማለቴ ነው። በምን በምን ይካፈላል? ስንት አካፋይ አለው? ምን ዓይነት ጠባይ አለው? አሠራሩ ለማንኛውም ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያገለግላል። ይህን ቁጥር የመረጥኩት ግን በጣም ስለምወደው ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ሳናውቅ አብረነው እንኖራለን።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ከምንጩ ቅዱት

በባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት) ዐቢይ ቀመር የሚባል የ532 ዓመት ዙር አለ። የሳምንቱ ቀናት 7 ናቸው። ወንጌላውያኑ (ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ) 4 ናቸው። የጨረቃ ዙር የሆነው ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው። 7 × 4 × 19 = 532። ሦስቱ ዙሮች እኩል ተነሥተው እንደገና እኩል የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው። ለዚህ ነው የፋሲካ ቀኖች በዚያው ቅደም ተከተል የሚደገሙት። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። 532 ዓመት ወደ ኋላ ሄዳችሁ የ1486 ዓ.ም.ን ብታሰሉ፣ ያው ሚያዝያ 4 ይወጣል።

አሁን ዓመቱን ወደ ቀን ለውጡ። 532 × 365 = 194,180። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ 532 ÷ 4 = 133። ስለዚህ 133 ቀን ጨምሩ።

194,180 + 133 = 194,313።

ቁጥራችን የአንድ ዐቢይ ቀመር ቀናት ብዛት ነው። አሁን ይህን እርሱትና ቁጥሩን እንደማታውቁት ሆናችሁ ፍቱት። መጨረሻ ላይ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ሁለተኛ፦ በግዕዝ አኃዝ ጻፉት

ይህን እርምጃ እንዳትዘሉት። 194,313 በግዕዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ነው። 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13። የግዕዝ አጻጻፍ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ ይቆርጠዋል፦ 19፣ 43፣ 13። ይህ አቆራረጥ ለእኛ ትልቅ አገልግሎት አለው።

100 በ99 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 10,000ም እንዲሁ። ስለዚህ ጥንዶቹን ዝም ብላችሁ ብትደምሩ፣ ቁጥሩ በ99 ሲካፈል የሚተወውን ቀሪ ታገኛላችሁ።

19 + 43 + 13 = 75።

99 ማለት 9 × 11 ነው። ስለዚህ 75 ስለ 3፣ ስለ 9 እና ስለ 11 ባንዴ ይናገራል። 75 በ3 ይካፈላል፤ ቁጥራችንም ይካፈላል። በ9 አይካፈልም፤ ቁጥራችንም አይካፈልም። በ11ም አይካፈልም። በአንድ መስመር ድምር ሦስት ጥያቄ ተመለሰ። የግዕዝ አኃዝ ለሒሳብ አይመችም ሲባል ስሰማ፣ ይህችን ድምር ባሳያቸው እላለሁ።

2 እና 5 በመጨረሻው አሃዝ ይታወቃሉ። 3 ስለሆነ ሁለቱም ወጡ።

ስለዚህ በ3 አካፍሉ፦ 194,313 ÷ 3 = 64,771።

ሦስተኛ፦ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡ

አሁን 64,771ን በኮማው ላይ ለሁለት ክፈሉት፦ 64 እና 771። ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ፦ 771 − 64 = 707።

ይህ የሚሠራው 1,001 = 7 × 11 × 13 ስለሆነ ነው። ልዩነቱ በ7 ከተካፈለ ቁጥሩም በ7 ይካፈላል። ለ11 እና ለ13ም እንደዚያው። 707 ደግሞ በዓይን ይታያል፤ 7 × 101 ነው። በ11 እና በ13 አይካፈልም።

64,771 ÷ 7 = 9,253።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያዙ። አካፋይ ባገኛችሁ ቁጥር፣ ያው አካፋይ ሁለተኛ ጊዜ ይገባ እንደሆነ ሞክሩ። 3 ሁለተኛ አይገባም፤ በ9 እንደማይካፈል አይተናል። ለ7፦ 253 − 9 = 244፣ 244 ÷ 7 ቀሪ 6። አይገባም። ጥሩ፣ ወደፊት።

አራተኛ፦ 17 እና 19

9,253 ÷ 17 = 544 ቀሪ 5። አይሆንም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰለቻል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ቁጥር ስፈታ ልክ እዚህ ላይ ደከመኝና 9,253ን "ብቸኛ ቁጥር" (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ብዬ ጻፍኩ። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረኝ። ደንቡ ይህ ነው፦ ብቸኛ ቁጥሮችን እየሞከራችሁ የምትቆሙት፣ የምትሞክሩት ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከፊታችሁ ካለው ቁጥር ሲበልጥ ነው። ለ9,253 እስከ 89 ድረስ መሄድ ነበረብኝ። 17 × 17 ገና 289 ነው።

ለ19 ጥሩ ዘዴ አለ። የመጨረሻውን አሃዝ ቁረጡ፣ እጥፉን በቀረው ላይ ደምሩ፣ ድገሙት።

925 + 6 = 931
93 + 2 = 95

95 = 5 × 19። ስለዚህ ይካፈላል። የሚሠራበት ምክንያት 20 ከ19 በ1 ብቻ ስለሚበልጥ ነው።

9,253 ÷ 19 = 487።

487 ብቸኛ ነው ወይ? 22 × 22 = 484፣ 23 × 23 = 529። ስለዚህ እስከ 19 ድረስ መሞከር በቂ ነው። ግን እስኪ ቆም በሉ። 487ን የሚያካፍል ሁሉ 9,253ንም ያካፍላል። 9,253 ደግሞ ለ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እንቢ ብሏል። የቀረው 19 ብቻ ነው። 19 × 25 = 475፣ ቀሪ 12። አለቀ። 487 ብቸኛ ቁጥር ነው።

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

አምስተኛ፦ በማጋመስና በማጠፍ አረጋግጡ

3 × 7 × 19 = 399። ስለዚህ 399 × 487 ቁጥራችንን መስጠት አለበት። የተለመደው ማባዛት ይሠራል፤ እኔ ግን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ እመርጣለሁ። በውጭ አገር ብዙዎች "የኢትዮጵያ ማባዛት" ብለው የሚጠሩት ነው። የጥንት ግብፃውያንም በማጠፍ ያባዙ ነበር።

በግራ 399ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፤ ግማሽ ቢተርፍ ጣሉት። በቀኝ 487ን እያጠፋችሁ ውረዱ።

399 — 487
199 — 974
99 — 1,948
49 — 3,896
24 — 7,792 (ይሰረዛል)
12 — 15,584 (ይሰረዛል)
6 — 31,168 (ይሰረዛል)
3 — 62,336
1 — 124,672

በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዙ። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምሩ፦ 487 + 974 + 1,948 + 3,896 + 62,336 + 124,672 = 194,313።

ስትደምሩ በመሃል የሚወጣውን አስተውሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 1,461 ይሆናሉ። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ እንመለስባታለን።

በሌላ በር መግባት ለሚፈልግ

17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ለጎዶሎ ቁጥሮች የተለየ መንገድ ነበረው። አካፋይ አይፈልግም። ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች (በራሳቸው ተባዝተው የተገኙ ቁጥሮች) ልዩነት አድርጎ ለመጻፍ ይሞክራል።

440 × 440 = 193,600፤ ያንሳል። 441 × 441 = 194,481፤ ይበልጣል። ከዚህ ጀምሩ።

194,481 − 194,313 = 168። ስኩዌር ነው? 13 × 13 = 169። በአንድ ሳተ።

ቀጥሎ ወደ 442 ለመሄድ እንደገና ማባዛት አያስፈልግም። 441 + 442 = 883 ጨምሩ፦ 168 + 883 = 1,051። ስኩዌር አይደለም።

ወደ 443፦ 442 + 443 = 885 ጨምሩ። 1,051 + 885 = 1,936። ይህ 44 × 44 ነው!

ስለዚህ 194,313 = 443 × 443 − 44 × 44። አካፋዮቹ 443 − 44 = 399 እና 443 + 44 = 487 ናቸው። በሦስት ሙከራ። ሁሉም ቁጥር እንዲህ ቶሎ እጁን አይሰጥም። ዘዴው ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። ለእኛ ቀርበው ተገኙ።

ስድስተኛ፦ አካፋዮቹን ሁሉ ዘርዝሩና አንብቧቸው

አራት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች አሉን፤ አንዱም አልተደገመም። እያንዳንዱን ወይ ማስገባት ወይ መተው ይቻላል። 2 × 2 × 2 × 2 = 16 አካፋዮች። ከትንሽ ወደ ትልቅ፦

1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771፣ 194,313

አሁን ዳር ዳሩን ይዛችሁ አጋቧቸው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ሁለተኛውና ከመጨረሻው ሁለተኛ። እያንዳንዱ ጥንድ ሲባዛ 194,313 ነው። ከጥንዶቹ ውስጥ ሦስቱ ላይ ረጋ በሉ።

133 × 1,461። 1,461 ማለት 365 + 365 + 366 + 365፣ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው የአራት ዓመት ቀናት ነው። ያ ዙር 133 ጊዜ ይመጣል።

19 × 10,227። 10,227 የ28 ዓመት ቀናት ነው፤ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው። 19 ጊዜ ይመጣል።

7 × 27,759። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። 27,759 በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንታት ብዛት ነው። ያው 27,759 ደግሞ የ76 ዓመት ቀናት ነው፤ ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው። አንድ ቁጥር ሁለት ሥራ ይዟል።

ግን አንድ ነገር ጎደለ። 19 ዓመት፣ ንዑስ ቀመሩ፣ የት ሄደ? የ19 ዓመት ቀናት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አስሉት፦ 19 × 365¼ = 6,939¾። ሙሉ ቁጥር አይደለም። የጨረቃ ዙር ብቻውን በቀን አይዘጋም፤ ሩብ እየጎደለው ይቀራል። አራት ጊዜ ሲደገም ግን 27,759 ይሆናል፣ ድፍን ያለ። ማዕከላዊ ቀመር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። የግሪኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ካሊፑስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ የ76 ዓመት ዙር በ27,759 ቀን አስልቶት ነበር።

በ76 ዓመት ውስጥ 940 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ። 27,759ን ለ940 ስታካፍሉ 29.53085 ቀን ያህል ይወጣል። የጨረቃ ወር ትክክለኛ አማካይ 29.53059 ነው። ልዩነቱ በወር 23 ሰከንድ ገደማ። በዐቢይ ቀመር 6,580 ወራት ስላሉ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ግድም ይደርሳል።

ሰባተኛ፦ ጠባዩን ፈትኑ

የአካፋዮቹ ድምር፦ በእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ላይ 1 ጨምሩና አባዙ። 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ቁጥሩን ራሱን ስትቀንሱ 118,007 ይቀራል። ከ194,313 ስለሚያንስ ጎደሎ ከሚባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ የዐውደ ፀሐዩ 28 ፍጹም ቁጥር ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28።

ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር ያስተማረው መንገድ ቀላል ነው። አሁን 1 ቀንሱና አባዙ፦ 2 × 6 × 18 × 486 = 104,976። ይህን ቁጥር ወርውራችሁ አትለፉ። 324 × 324 ነው። 324 ደግሞ 18 × 18 ነው። ማለትም 104,976 = 18 × 18 × 18 × 18። ከአራት የተለያዩ ቁጥሮች ተነሥተን አራት ጊዜ 18 ላይ አረፍን። መጀመሪያ ሳየው ሦስት ጊዜ ደግሜ አባዛሁት።

ቀጥሎ አራቱን ብቸኛ ቁጥሮች በ4 አካፍላችሁ ቀሪያቸውን ጻፉ። 3 ቀሪው 3። 7 ቀሪው 3። 19 ቀሪው 3። 487 ቀሪው 3። በዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱ በ4 ተካፍሎ 3 ከቀረው ዘመነ ሉቃስ ነው፤ እኔም አራቱን "ሉቃሶች" እላቸዋለሁ። ይህ ከስም ያለፈ ትርጉም አለው። ሉቃስ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ጎዶሎ ጊዜ ከገባበት፣ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። 13 ይጻፋል፤ 4 + 9። 21 ግን አይጻፍም፤ 3 እና 7 አሉበት። 194,313ም በምንም መንገድ አይጻፍም። በልዩነት ግን በ8 መንገድ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ የአካፋይ ጥንድ አንድ። አንዱን ከፌርማ ጋር አይተናል።

ስምንተኛ፦ 1ን ለቁጥሩ አካፍሉ

1 ÷ 7 = 0.142857142857… ስድስት አሃዝ እየደገመ ይሄዳል። 1 ÷ 19 ደግሞ 0.052631578947368421 ብሎ በ18 አሃዝ ይደግማል። ብቸኛው ቁጥር (ከ2 እና ከ5 በቀር) የሚደግመው ቢበዛ ከራሱ በ1 ባነሰ ርዝመት ነው። 7 እና 19 እስከ ጥግ ይሄዳሉ። 487ም እንዲሁ፤ 1 ÷ 487 = 0.002053388… እያለ 486 አሃዝ ሄዶ ይመለሳል። የ3 ድግግሞሽ 1 አሃዝ ነው።

1, 6, 18, 486። እያንዳንዱ ቀጣዩን ያካፍላል። ስለዚህ 1 ÷ 194,313 በ486 አሃዝ ይደግማል፣ ከዚያ አይበልጥም።

487 ግን ከዚህም በላይ አለው። በተለምዶ ብቸኛውን ቁጥር በራሱ ስታባዙት ድግግሞሹ ይረዝማል። 1 ÷ 7 በ6 ይደግማል፤ 1 ÷ 49 በ42። 1 ÷ 19 በ18፤ 1 ÷ 361 በ342። በ487 ግን አይረዝምም። 487 × 487 = 237,169፤ 1 ÷ 237,169 አሁንም በ486 አሃዝ ይደግማል። እስካሁን እንዲህ የሚያደርጉ የታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 487 እና 56,598,313። የ3ን ወዲያው ማየት ትችላላችሁ፤ 1 ÷ 3 = 0.333…፣ 1 ÷ 9 = 0.111…፣ ሁለቱም በአንድ አሃዝ። ከሦስቱ ሁለቱ የአራት ዓመት ቀናትን ይሠራሉ፦ 3 × 487 = 1,461።

ለልምምድ

2018 ዓ.ም. 5,500 ሲደመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ነው። በ532 ስታካፍሉት የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ይሆናል። ያ ቀመር የሚያልቀው 7,980 ዓመተ ዓለም ላይ ነው፤ 2480 ዓ.ም.። የአሥራ አምስቱ ቀመሮች ቀናት 15 × 194,313 = 2,914,695። ይህን ቁጥር በግዕዝ ጻፉና እንደገና ከሁለተኛው እርምጃ ጀምሩ። ጥንዶቹ 2፣ 91፣ 46፣ 95 ናቸው፤ ድምራቸው 234፣ እንደገና ሲቆረጥ 2 + 34 = 36። በዚህኛው 9 ይገባል። 3 ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ የአካፋዮች ቆጠራ ላይ ተጠንቀቁ፦ ለ3 ሦስት ምርጫ አለ፤ መተው፣ አንዴ ማስገባት፣ ሁለቴ ማስገባት። 48 አካፋዮች ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።